ከግመል እስከ ጣዎስ፤ የአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዜና ምልክቶች ታሪክ

ዜና የሚነገረው ሕዝብ ከዜናው አስቀድሞ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የሚናገረው ማን ነው?» የሚል ነው። በአገራችን ዐዋጅ በሚነገርበት ጊዜ አስቀድሞ ነጋሪት ይጐሰም ነበርና፥ ሕዝቡ ገና ቃሉን ሳይሰማ ትእዛዙ ከማን እንደ ወጣ በነጋሪቱ ድምፅ ይረዳ ነበር። የንጉሥ ደብዳቤም በራስጌው የአንበሳ ማኅተም ይታተምበት ስለ ነበር፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ማኅተሙን አይቶ የላኪውን ማንነት ለመለየት አይቸገርም ነበር። በዘመናችን በቴሌቪዥን አማካይነት ወደ የቤቱ የሚገባው ዜናም እንደዚሁ የራሱ ነጋሪትና የራሱ ማኅተም አለው። ዜና አንባቢው አፉን ከመክፈቱ በፊት አንድ ሥዕል ብልጭ ይላል፥ አንድ አጭር ዜማ ይሰማል፤ በማጀት ያለችው የቤት እመቤትም ፊቷን ሳታዞር የማን ዜና እንደ ተጀመረ ታውቃለች።

ስለዚህ ነገር ጥቂት ታሪክ ለመጻፍ ስናስብ ምሳሌ አድርገን የመረጥነው፥ ኤንቢሲ የሚባለውን የአሜሪካ ማሠራጫ የማታ ዜና ነው። የመረጥንበትም ምክንያት፥ ሰማንያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ግመልና ጣዎስ፥ ትርጓሜ ያልተገኘለትም አንድ ፊደል እየተፈራረቁ በዚያ ዜና ራስ ላይ ስለ ተቀመጡ፥ እያንዳንዳቸውም ለዚያ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጡት መልስ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ጣዎስ ያልነው ዛሬ ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ስሙ ፒኮክ እያለ የሚጠራውን፥ ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚያሳየውን ወፍ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሥዕሉ በፊት ድምፁ ነበረ። ኤንቢሲ በ1926 አርሲኤ በተባለው፥ የራዲዮ መሣሪያ በሚሸጠው ኩባንያ ሲመሠረት ቴሌቪዥን ገና ከመፈተኛ ክፍል አልወጣም ነበር። ሥራውም በኒው ዮርክ የሚዘጋጀውን ንግግርና ሙዚቃ በስልክ ሽቦ ወደ ብዙ ከተሞች እያስተላለፈ፥ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ለየአካባቢያቸው እንዲያሠራጩት ማድረግ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንዱ መሰናዶ መቼ እንዳለቀ፥ የየከተማውም ጣቢያ መቼ የራሱን ስም መናገር እንዳለበት የሚያስታውቅ ምልክት አስፈለገ። ስለዚህ በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በእጅ የሚመታ ትንሽ የደወል መሣሪያ ተዘጋጀ። በመጀመሪያ ሰባት ድምፅ ነበረው፤ ሰባቱን በየጊዜው ሳይሳሳቱ መምታት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ወደ አምስት፥ ከዚያም ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገ። ከሦስቱ ድምፆች የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይነሣል፥ ሁለተኛው ከፍ ይላል፥ ሦስተኛው ወደ መካከል ይመለሳል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በድጓው መጽሐፍ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው «ምልክት» ይባላል፤ መሪጌታው አንድ ወይም ሁለት ፊደል አይቶ ሙሉውን ዜማ ያስታውስበታል። የእነዚህም ደወሎች ሥራ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሦስት ድምፅ ብቻ ተሰምቶ አድማጩ ያን ሁሉ ድርጅት በአሳቡ ያመጣ ነበር። ድምፆቹ በአውሮፓውያን የዜማ ፊደል ጂ፥ ኢ፥ ሲ ተብለው ስለሚጻፉ፥ አርሲኤን ካቋቋሙት አንዱ የሆነው የጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ስም የተሰወረበት ምሥጢር ነው የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ትርጓሜ መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ከሰባት ወደ ሦስት የወረደው ለመምታት እንዲቀል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህን ምሥጢር መቀበል ይከብደዋል።

ዜናን የሚመለከት አንድ ሌላ ነገርም ነበረበት። ታላቅ አደጋ በደረሰ ጊዜ በሦስቱ ላይ አራተኛ ድምፅ ይጨመር ነበር፤ ይህም የትም ላሉት የዜና ሠራተኞችና መሐንዲሶች «ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» ማለት ነበር። ተራው አድማጭ ግን አንዱን ድምፅ ሳያስተውለው ያልፍ ነበር። በ1950 የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ቤት ሦስቱን ድምፆች የኤንቢሲ ንብረት አድርጎ መዘገባቸው፤ ሥዕልም ቃልም ሳይኖርበት ድምፅ ብቻውን እንዲህ ባለ መዝገብ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካ ቤቶች በገባ ጊዜ የዜናውን ወጪ ማን ይቻለው? የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ የመጣው ከትንባሆ ነጋዴ ነው። በሰሜን ካሮላይና ያለው አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው የትንባሆ ኩባንያ፥ «ካምል» ማለት ግመል የተባለውን ሲጋራውን ለማስታወቅ ሲል የኤንቢሲን የማታ ዜና ወጪ ለመቻል ተስማማ። በ1949 በፌብሩዋሪ ወርም ዜናው ራሱ በሲጋራው ስም «የካምል የዜና ካራቫን» ተብሎ ተጀመረ። ካራቫን ማለት በበረሓ የሚጓዝ የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት ስለ ሆነ፥ ግመሉና ጕዞው እርስ በርሳቸው ተስማምተው ስሙን አሳመሩት። ግመሉ በሲጋራው ማስቀመጫ ላይ እንደ ተሣለ ሆኖ የዜናው ማኅተም ሆነ።

ዜናውን የሚያነቡት ሚስተር ጆን ካሜሮን ስዌይዚ፥ በኮታቸው ደረት አበባ ሰክተው የሚቀርቡ ደስተኛ ሰው ነበሩ። መሰናዶው ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለ ነበር የዓለሙን ሁሉ ወሬ እየዘለሉ ይዳስሱት ነበር። በጠረጴዛቸው ላይ የሲጋራ መተርኰሻ እንዲታይ ያስፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ ኩባንያው በዜናው ሥዕል ላይ ደንብ አወጣ፤ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሕፈት የሚታይበት ፊልም እንዳይቀርብ፥ ሲጋር የሚባለውን ወፍራሙን የትንባሆ ጥቅል የሚያጨስ ሰውም እንዳይታይ ተከለከለ። ከዚህ ክልከላ ነፃ የወጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም የእንግሊዙ ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ሲጋር ከአፋቸው የማይለይ ስለ ሆነ፥ ደንቡን ከማላላት ወይም ቸርችልን ከዓለም ዜና ከማውጣት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነና ደንቡ ላላ።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በ1950 በእንግሊዝም በአሜሪካም ያሉ ሐኪሞች ትንባሆ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋራ የተያያዘ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች አሳትመው ነበር። እንግዲህ ስሙን ከትንባሆ የተቀበለ ዜና እንዲህ ያለውን ወሬ በምን አፉ ይናገረዋል? ቢናገረውስ ሰሚው እንዴት አድርጎ ይመዝነዋል? በአገራችን ትንባሆን ቤተ ክርስቲያን ስትነቅፈው የኖረች መሆንዋን፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በብርቱ ከልክለውት እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ማጨሱ ሳይሆን፥ የሚያጨሰውን ሰው ሥዕል ማን ይምረጥ ስለሚለው ነው። ሥዕሉን የመረጠው ዜና አዘጋጁ ሳይሆን ሲጋራ ሻጩ ነበረና።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሰሙንና ወርቁን ለመለየት አይዘገይም። በዚያ መሰናዶ ሰሙ ዜና ነበረ፤ ወርቁ ሲጋራ ነበረ። ነገር ግን ለግመሉ አንድ ምስክርነት ልስጥለት። ግመሉ አልተሸሸገም። ከፋዩ ማን እንደ ሆነ በስሙም በሥዕሉም በግልጥ ይናገር ነበር፤ ተመልካቹም በፈለገ ጊዜ ይህን እያሰበ የሚሰማውን ለመመዘን ይችል ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ውብ ወፍ በዚህ ነገር ከግመሉ ያነሰ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናየዋለን።

በ1956 በኦክቶበር ወር ግመሉ መንገዱን ጨረሰ። በእርሱ ፈንታ የተተካው ዜና ስሙን ከእንስሳም ከዕቃም ሳይወስድ ከሁለት ሰዎች ወሰደ፤ ሚስተር ቼት ሀንትሊ ከኒው ዮርክ፥ ሚስተር ዴቪድ ብሪንክሊ ከዋሽንግተን እየተቀባበሉ ያነቡ ስለ ነበር «የሀንትሊና የብሪንክሊ ዜና» ተባለ። በመሰናዶው ፍጻሜ ሁለቱ በየከተማቸው ሆነው በየስማቸው እየተጠራሩ ደኅና እደሩ ይባባሉ ነበር። ይህን ስንብት የጻፉላቸው የመሰናዶው አዘጋጅ ሚስተር ሩቨን ፍራንክ ናቸው፤ አንባቢዎቹ ራሳቸው ግን በመጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ቤተሰብ ስንብት አድርጎ ያዘው። ከስንብቱ ቀጥሎ የሚሰማው ከጀርመናዊው ሊቀ ዜማ ከቤትሆቨን ከዘጠነኛው ሲምፎኒ ከሁለተኛው ክፍል የተወሰደ ነበር። በዚህ ዘመን እንግዲህ የዜናው ማኅተም የሁለት ሰዎች ፊትና የስንብታቸው ቃል ነበር ማለት ነው፤ ለዚያ ለመጀመሪያው ጥያቄም ከዚህ የቀና መልስ ያለ አይመስለኝም፤ የሚናገረው ማን ነው ቢባል፥ እነሆ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1963 መሰናዶው ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ሠላሳ ደቂቃ ከፍ አለ።

በዚያው ግመሉ በተሰናበተበት በ1956፥ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በሜይ ወር፥ ጣዎሱ ታየ። ሥዕሉን የሣሉት የኤንቢሲ ሠዓሊ ሚስተር ጆን ግራሃም ናቸው፤ ዐሥራ አንድ ላባዎች በልዩ ልዩ ቀለም ተዘርግተው ነበር። ስለዚህ ወፍ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተብሏል። በሮም ከተማ ምድር ውስጥ ባሉት የቀደሙ ክርስቲያኖች መቃብሮች የተሣለው ጣዎስ የማይጠፋው ሕይወት ምሳሌ ነው፤ ሌሎች ደግሞ በጅራቱ ስለሚመካ የትዕቢት ምሳሌ አድርገውታል። በእኛም ዘንድ ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፥ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያነሡ ወደ መንፈሳዊ ነገር መተርጐም እንዴት ያለ ጥንታዊ ልማድ እንደ ሆነ ያውቃል። የኒው ዮርኩ ጣዎስ ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አላሰበም። እርሱ የመጣው የቴሌቪዥን መሣሪያ ለመሸጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤንቢሲ ባለቤት የሆነው አርሲኤ በ1954 የመጀመሪያውን የቀለም ቴሌቪዥን መሣሪያውን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 1,000 ዶላር ነበር፤ ይህም በዚያ ጊዜ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ እጅግ የከበደ ገንዘብ ነው። ማንም ሰው በጥቍርና ነጭ የሚያየውን ያንኑ መሰናዶ ለማየት ይህን ያህል አይከፍልም። ስለዚህ ኤንቢሲ በቀለም የሚያሳየው መሰናዶ በጀመረ ቍጥር ጣዎሱ ጅራቱን ይዘረጋ ነበር፤ ይህ የሚታየው በቀለም ነው የሚል ንግግርም ይከተለው ነበር። የሚያስደንቀው ግን የቀለም መሣሪያ ያለው ቤት በዚያ ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር፥ ከተመልካቾቹ የሚበዙት ያዩት የነበረው ግራጫ ጣዎስ መሆኑ ነው። በጆሮአቸው ስለ ቀለም ይሰማሉ፥ በዐይናቸው ዐመድ የመሰለ ወፍ ያያሉ። የምልክቱም ብልኀት በዚህ ላይ ነበር፤ ያላችሁን ሳይሆን የጐደላችሁን ያሳይ ነበርና። የጐረቤት ልጅ ቀለሙን አይቶ መጥቶ ሲያወራ፥ የቤቱ አባት ገንዘቡን መቍጠር ይጀምራል።

በእነዚህ ዓመታት በ1959 የተጀመረ፥ የድርጅቱ ሦስት ፊደላት እየተጥመዘመዙ አንዱ ከሌላው የሚወጡበት ሌላ ምልክትም ነበረ፤ ሕዝቡ «እባቡ» ይለው ነበር። ሥዕሉ የማይከፋ ቢሆንም ብዙ የምንናገርለት ነገር የለንም።

ወፉ ወደ ዜናው የገባው ዘግይቶ ነው። በግመሉ ዘመን በ1954 ዜናው በቀለም ተሞክሮ የነበረ ቢሆንም፥ የሀንትሊና የብሪንክሊ ዜና በየማታው በቀለም መታየት የጀመረው በ1965 በኖቬምበር ወር ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የሚበረታበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት በጥቍርና ነጭ ይታይ የነበረው የጦር ሜዳ ሥዕል ከዚያ ወዲህ ደሙ ቀይ፥ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ በየቤቱ የእራት ማዕድ አጠገብ ይታይ ጀመር። የቀለም መሣሪያ ለማስወደድ የተሠራው ወፍ የሚያበሥረው ቀለም ይህንም ይጨምር ነበር ማለት ነው። ሠዓሊው በ1956 ላባዎቹን ሲቀባ ይህን ያሰበ አይመስለኝም፤ ምልክት ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሸከም ሠሪው አያውቀውም።

በ1970 ሚስተር ሀንትሊ ዕረፍት ሲያደርጉ የሁለቱ ሰዎች ስም ከዜናው ላይ ወርዶ፥ ዛሬም ያለው «የኤንቢሲ የማታ ዜና» የሚለው ስም ተተካ። በአምስት ወር ያህል ውስጥ ደግሞ፥ ከ1971 ጃንዋሪ 2 ቀን ጀምሮ፥ በአሜሪካ ሕግ የሲጋራ ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ፈጽሞ ተከለከለ። ግመሉ ከዜናው ራስ ላይ ከወረደ ዐሥራ አራት ዓመት አልፎት ነበር፤ በዚህ ሕግ ግን ከደጃፉም ተባረረ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የታሪካችን ክፍል የፊደሉ ነገር ነው። በ1970ዎቹ መካከል የቀለም ቴሌቪዥን በየቤቱ ስለ ገባ፥ ኤንቢሲ ጣዎሱን ሥራውን እንደ ጨረሰ ሎሌ አሰናበተው። ከዚያም ሊፒንኮትና ማርጉሊስ የተባለውን በምልክት ሥራ የታወቀ ድርጅት ቀጥሮ አዲስ ዓርማ አሠራ፤ በጊዜው እንደ ተነገረው ወጪው ከ750,000 እስከ 1,000,000 ዶላር ደረሰ። በ1976 ጃንዋሪ 1 ቀን ዓርማው ለሕዝብ ታየ። ምን ነበር? ከሁለት ጐባጣ ማዕዘኖች የተገጣጠመ፥ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ፥ «ኤን» የሚባለው አንድ የላቲን ፊደል ነበር።

ጥቂት ቀን ሳይቈይ በነብራስካ ክፍለ ሀገር ያለው የትምህርት ቴሌቪዥን ድርጅት ሰዎች ይህን አይተው ተገረሙ። እነርሱ ወራት አስቀድመው ያንኑ የመሰለ፥ ቀለሙ ብቻ ሁለመናው ቀይ የሆነ ፊደል አሠርተው ይሠሩበት ነበርና። የእነርሱን የሠራላቸው የራሳቸው ሠራተኛ ሲሆን ወጪውም ከ100 ዶላር ያነሰ ነበር። ጕዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመጨረሻም በዕርቅ አለቀ። ኤንቢሲ ዋጋው ከ800,000 ዶላር የሚበልጥ የቴሌቪዥን መሣሪያ፥ ከዚሁም ጋራ በመኪና ላይ ተጭኖ የሚንቀሳቀስ የቀለም ሥዕል ማንሻ፥ ለነብራስካ ሰጠ፤ የነብራስካ ሰዎች ሌላ ምልክት የሚያሠሩበትንም 55,000 ዶላር ጨመረ። እነርሱም በምላሹ ፊደሉን ለቀቁ። እንዲህ ሆኖ ኤንቢሲ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ገዛው።

ፊደሉ በዚህ ሁሉ ዋጋ ቢገዛም ከሕዝቡ ጋራ አልተለማመደም። እንደ ሥዕል አስቀያሚ አልነበረም፤ ይልቁንም ንጹሕና ጠንካራ ነበር። ጕድለቱ ሌላ ነው። የሚናገረው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግመሉ «ትንባሆ ሻጩ ነው» ይል ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች «እኛ ነን» ይሉ ነበር፤ ፊደሉ ግን የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ተናግሮ ዝም ይላል። ስም ጠይቀነው «ስሜ በዚህ ፊደል ይጀምራል» ብሎ እንደሚመልስልን እንግዳ ነው። ትርጓሜ የሚያወጣለት ሰው ቢፈለግም የሚያዝበት ነገር የለውም፤ ምክንያቱም ከሥዕሉ በስተጀርባ ታሪክ የለምና።

ስለዚህ በ1979 ጣዎሱ ከስደቱ ተጠራ። በመጀመሪያ ፊደሉን ለመጣል የደፈረ ስላልነበረ ወፉ በፊደሉ ላይ ተደርቦ ሰባት ዓመት ያህል ሁለቱ አብረው ኖሩ፤ አሁን ሲያዩት እርቅ ያልተፈጸመላቸው ባልና ሚስት ይመስላሉ። በ1986 በሜይ ወር፥ ኤንቢሲ ስድሳኛውን ዓመቱን ሲያከብር፥ ፊደሉ ወጥቶ ወፉ ብቻውን ቀረ። ይህን ያዘጋጁት ሼርማዬፍና ጋይስማር የተባሉት ሠዓሊዎች ዐሥራ አንዱን ላባ ወደ ስድስት አወረዱት፤ ቢጫ፥ ብርቱካንማ፥ ቀይ፥ ሐምራዊ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ። ቀድሞ ወደ ግራ ይመለከት የነበረውንም ራስ ወደ ቀኝ መለሱት፤ የላቲን ጽሕፈት ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ወደ ፊት የሚመለከት እንዲመስል ነው። የወፉም አካል በቀለም አልተሣለም፤ በላባዎቹ መካከል የቀረው ነጭ ስፍራ ራሱ ወፍ ሆኖ ይታያል። እኔ ከምልክቶቹ ሁሉ በጥበቡ የማደንቀው ይህን ነው።

ስድስቱ ላባዎች ስለ ምን ስድስት ሆኑ ቢባል፥ የዚያ ጊዜውን የድርጅቱን ስድስት ክፍሎች ለማመልከት ነው ይባላል፤ ከእነርሱም አንዱ ዜና ነው። ይህ እንግዲህ በኋላ የመጣ ትርጓሜ ነው። በ1956 ላባው የሚሸጠው የቴሌቪዥን መሣሪያ ቀለም ነበር። በ1986 ግን ጀነራል ኤሌክትሪክ አርሲኤን ከነኤንቢሲው ጠቅልሎ ገዛው፤ በሚከተለውም ዓመት የአርሲኤን የቴሌቪዥን መሣሪያ ሥራ ቶምሰን ለተባለው ለፈረንሳይ ኩባንያ ሊያስተላልፍ ተዋዋለ። ከዚያ ወዲያ ኤንቢሲ የሚሸጠው የቀለም መሣሪያ የለውም። ወርቁ ሄዶ ሰሙ ቀረ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ግን መሄዱን አላወቀም፥ መኖሩንም ከብዙ ጊዜ በፊት ረስቶት ነበር። ከላይ ጣዎሱ በግልጥነት ከግመሉ ያነሰ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዕቃ ሻጭ ማስታወቂያ ሆኖ ሲኖር፥ ውበቱ ሻጩን ሸፍኖት ኖረ።

ድምፁም በዚያው ጊዜ አካባቢ ታደሰ። ለብዙ ታላላቅ ፊልሞች ሙዚቃ በመድረሳቸው የታወቁት ሚስተር ጆን ዊልያምስ ለኤንቢሲ ዜና «ተልእኮው» የተባለውን ሙዚቃ ደረሱ፤ በ1985 መሰማት ጀመረ። መለከቶች የሚበዙበት፥ እንደ ሰልፍ ያለ ዜማ ነው። ሥዕሎቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ አንባቢዎቹም ተለዋውጠዋል፤ ሚስተር ቶም ብሮካው እስከ 2004 አነበቡ፥ ከዚያ ሚስተር ብራያን ዊልያምስ፥ ከ2015 ጀምሮ ሚስተር ሌስተር ሆልት፥ ከ2025 ጁን ጀምሮ ደግሞ ሚስተር ቶም ያማስ ተተኩ። ዜማው ግን አልተለወጠም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን 4ኛውን ጣቢያ በማታ ሲከፍቱ የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

የወፉ ነገር ግን እንደ ገና አንድ ፈተና ገጠመው። ኤንቢሲ በ1996 ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ጋራ ተባብሮ ቀኑንም ሌሊቱንም ዜናና ክርክር የሚያሰማ ኤምኤስኤንቢሲ የተባለ ጣቢያ አቁሞ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የማይክሮሶፍት ነበሩ። ማይክሮሶፍት ከባለቤትነቱ ከወጣ ብዙ ዓመት ሲሆነው ፊደላቱ ግን ባለቤት አጥተው እንደ ነበሩ ቀሩ። ኤንቢሲን ከ2011 ጀምሮ የያዘው ኮምካስት የተባለው ኩባንያ በ2024 ይህን ጣቢያ ከሌሎች ጋራ ለይቶ ቨርሳንት ለተባለ አዲስ ኩባንያ እንደሚሰጠው አስታወቀ። ሲለዩም ስምና ምልክት ለማን ይሁን? የሚል ነገር ተነሣ። በ2025 ኖቬምበር 15 ቀን ጣቢያው ኤምኤስ ናው ተብሎ ተሰየመ። ባለቤት ያጡት ሁለቱ ፊደላት አዲስ ትርጓሜ ወጣላቸውና፥ ከሌሎቹ ፊደላት ጋራ ተያይዘው «የዜና፥ የአስተያየትና የዓለም ወሬ ምንጬ» ማለት ናቸው ተባለ። በስሙ መጨረሻ የነበሩት የኤንቢሲ ሦስት ፊደላት ወጡ።

ጣዎሱም ወጣ። ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ እነዚያው ነበሩ፥ ቃላቸውም ያው ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በራሳቸው ላይ የነበረው ወፍ ግን ከባለቤቱ ጋራ ቀረ። በምትኩ የተቀመጠው ባንዲራ የመሰለ ሥዕል ነው።